ሳይጠሯት የምትደርሰው ክብርት አያንቱ

ለቡ ውስጥ የሚወራውን ካመናችሁ፣ አያንቱ ደገፋ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መንገድ አሻግራለሁ ብላ የጎረቤቷን የቴዎን እግር ሰብራለች። ይህ ንጹሕ ስም ማጥፋት ነው። የቴዎ እግር የተሰበረው ቀደም ብሎ፣ በኳስ ነው። አያንቱ ያደረገችው ነገር ቢኖር ሀይሌ ጋርመንት ላይ በክራንች ተደግፎ ታክሲ ሲጠብቅ አግኝታው ክንዱን አፈፍ አድርጋ ማሻገር ብቻ ነው። ሰውየው ጀሶውን ሊያስፈታ ወደ ጎፋ እየሄደ ነበር። ያሻገረችው ግን ወደ ቤቱ የሚመልሱት ታክሲዎች ከሚቆሙበት ጥግ ነው። ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት፣ «ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አለሁ» አለችውና ታክሲ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችበት።

እንዲህ ያለ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። ሌላው በጎ ፈቃደኛ ሰው ሲቸገር ይረዳል። ይሄኛው እስክትቸገሩ የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም፤ አስቸግሮም ቢሆን ይረዳችኋል።

አያንቱ ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ጀርባ የሚኖሩትን ጋሽ ዋቅጅራን ጠይቁ። ሕንፃው ሳይሠራ በፊት ጤፍ ያርሱበት ከነበረው መሬት የቀረቻቸው በአጥራቸው ሥር ያለችው ጌሾ ብቻ ነበረች። ክብርት አያንቱ የትምህርት ቤቱን ክበብ አስከትላ መጣችና ጌሾዋን አረም ነው ብላ ነቅላ ጽድ ተከለችበት። ጋሽ ዋቅጅራ በጽድ ጠላ እንደማይጠነሰስ በትሕትና ቢነግሯት፣ ለአካባቢው አየር ግን ተስማሚ መሆኑን አብራራችላቸው።

የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቂም ደግሞ የሮቶው ነው። እትዬ ጸሐይወርቅ የምድር ቤቱ ነዋሪ ናቸው። ውሃ ከስንት ቀን በኋላ መጥቶ የሕንፃው ሮቶ ጢም ባለ ማግሥት፣ አያንቱ ለኅብረተሰቡ ጤና ስትል ሮቶውን ደፍታ አጠበችው። እትዬ በዚያች ሰዓት ፀጉራቸውን ሳሙና መትተው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሰዉ ሁሉ እየሸተተ ሲወጣ ሲገባ፣ ሮቶው ብቻ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

እናም ትምህርት ቤቱ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የላቁ ተማሪዎችን እሸልማለሁ ሲል፣ ሕንፃው በሙሉ ደረጃ ላይ ተሰበሰበ። ደንቡ አጭር ነው፤ ከሰፈሯ አንድ ሰው ተነሥቶ ካልመሰከረላት ሜዳሊያ የለም። «ባዶ አንገቷን ያልቻልናት ልጅ ሜዳሊያ አጥልቃ ማን ሊችላት ነው?» ያሉት እትዬ ጸሐይወርቅ ናቸው። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተስማማ። ሄደን እንቀመጣለን፤ ማንም አይነሣም።

በበዓሉ ዕለት ሃምዛ የሚባለው ተማሪ ሲጠራ፣ ሕፃናትን ሒሳብ አስጠንቶ ኖሮ ግማሽ ጎፋ ተነሣለት። ቀጥሎ አያንቱ ተጠራች። ርእሰ መምህሩ ምስክር ጠየቁ። ጋሽ ዋቅጅራ ባርኔጣቸውን መመርመር ጀመሩ። ቴዎ ጫማውን አሰረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ርእሰ መምህሩ ማይኩ የጠፋ መስሏቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉት።

አያንቱ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ በዓይኗ ፈለገቻቸው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ ጠጋ ብላ፣ «ይተዉት ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ስለተቀመጡ ደክሟቸው ነው» አለች።

እትዬ ጸሐይወርቅ ቆመው ራሳቸውን አገኙት። ቴዎ ቀሚሳቸውን ቢጎትት እጁን መቱት።

«ሮቶውን አልረሳሁም፤ እሱን ለብቻ እንነጋገራለን» ብለው ጀመሩ። «ባሌ አባይነህ ያረፈ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ደርሶልኛል፤ ብድር መላሽ ያድርገኝ። ድንኳኑ ሲነሣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። ደንብ ነው፤ አልተቀየምኩም። ይቺን ልጅ ግን ለቅሶው አለቀ ያላት የለም መሰለኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። በሚቀጥለውም ቀን መጣች። የቤት ሥራዋን ትሠራና “እግዜር ያጥናዎት” ብላኝ ትሄዳለች። ትናንትም መጥታለች። አባይነህ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም።

«ደንቡን አለማወቋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶኛል» አሉ። «ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ ደርሶ በሩን እከፍትላታለሁ።»

ጋሽ ዋቅጅራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ቴዎም እያነከሰ ተነሣ። እልልታው ሲቀልጥ ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ገባ፤ ርእሰ መምህሩም ምስጋና ታቀርብ ዘንድ ማይኩን ሰጧት።

አያንቱ ግን አላመሰገነችም። ግንባሯን ቋጥራ ወደ እትዬ ጸሐይወርቅ ዞረች።

«እትዬ፣ ለቅሶው አልቆ ነበር እንዴ?»