የወንድሜ በሬና የእኔ ስትራቴጂ

ሩቅ አሳቢ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጠዋት ጠዋት ጢሜን ስላጭ መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሶዶ ላይ ማስተርስ ስማር፣ ስትራቴጂ የሚሉት ነገር እንደ ወባ ያዘኝ።

ዝናቡ የቀረ ጊዜ ሁምቦ ያለው ገበሬው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። «ጋሼ፣ ሳሩ አልቋል። በሬዬን ሳይከሳ ሸጬ፣ ዝናብ ሲመጣ ሌላ የማርስበት ልግዛ?»

«እንዳትሸጥ!» አልኩት። «አሁን ሁሉም እየሸጠ ነው። ጠብቅ! ለመስቀል እርድ በሬ ሲወደድ ታወጣዋለህ።»

ታናሽ የታላቁን ቃል ይጥሳል እንዴ? አልሸጠም። እኔም ይህንኑ ምክሬን «የገበያ ስትራቴጂ» ብዬ ጽፌ ለመምህሬ አስገባሁና ኤ አገኘሁ። በሬው ግን መስቀልን አላየም።

ላጽናናው ወረድኩ። ወንድሜ በሬው ያርስ የነበረውን ማሳ ብቻውን በዶማ ይቆፍራል። መዳፉ ተልጧል።

«በሬው ሲደክም ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፣ እንደ አዋቂ።

«ሁለቴ ደወልኩ። ጠብቅ አልከኝ» አለ ቀና ሳይል። «እኔማ ጠበቅኩ ጋሼ። መጠበቅ ያቃተው በሬው ነው።»

ከዚያ ሌላ ዶማ አቀበለኝ።