የቀዩና የሰማያዊው ትራክተር ሙግት

በጃንሆይ ጊዜ፣ ነቀምቴ ውስጥ፣ የራሱ ዶማ እንኳ የሌለው ሰው ስለ ትራክተር የጸና አቋም ነበረው። አንዱ እኔ ነኝ። ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ በሕይወቴ ያረስኩት ነገር ቢኖር ጥቁር ሰሌዳ ነው። ግን ጠጅ ቤት ተቀምጦ "ቀዩ ይሻላል ሰማያዊው?" ሲባል ዝም ብሎ ብርሌውን የሚጨርስ ማን ነው?

የፋብሪካዎቹን ስም አልጠራም። ያኔም የሚጠራቸው አልነበረም፤ እንደ በሬ በመልካቸው ነበር የምናውቃቸው። ሁለቱም ሌላ አገር አርሰው አርሰው፣ ቀለማቸው ተላልጦ እኛ ዘንድ የደረሱ ናቸው። ቀዩ ከባድ ነው፤ አፈሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል፣ ግን ናፍጣ አይጠግብም፣ ከተሰበረም መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዝናቡ ያልፋል። ሰማያዊው ቀላልና ቆጣቢ ነው፤ ብስክሌት ጠጋኝ ሳይቀር ፈቶ ይገጥመዋል፤ ጭቃ ካየ ግን ባለበት ይሽከረከራል። እኔ የቀዩ ወገን ነበርኩ። ለምን ቢባል፣ ድሬሰሩ የሰማያዊው ወገን ስለነበረ።

ድሬሰሩ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ መልከ መልካም ሰው ነው። ሌላ ጥፋት የለበትም፤ እኔ የምፈልጋትን ልጅ ይፈልጋል። ልጅቷ ጫልቱ ትባላለች። አባቷ ኦቦ ገመዳ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ሰፊ መሬት አላቸው። ሁለታችንም ሽማግሌ ልከናል፤ ለሁለታችንም የተሰጠው መልስ "ጥሩ ነው፣ እናስብበታለን" የሚል ነው። እስኪያስቡበት ድረስ እኔ ወንድሞቿን ሒሳብ አስጠናለሁ፣ የአባቷን የወሰን ክርክር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ድሬሰሩም በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ ለወገባቸው መርፌ ይወጋቸዋል። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሆነን። ፍቅር ነውና ድካሜን ቆጥሬው አላውቅም።

አንድ ቀን ኦቦ ገመዳ አስጠሩኝና "ያ በርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው። "ትራክተር ልገዛ ነው። አንተ የተማርክ ነህ፣ የቱ ይሻለኛል?"

ደነገጥኩ። ቀዩን ብዬ ቀዩ ቢሰበርባቸው ጫልቱ ለድሬሰሩ ልትዳር ነው። ሰማያዊውን ብል ደግሞ ድሬሰሩን መረቅኩት ማለት ነው። ያው ጥያቄ ለእሱም እንደቀረበለት ሰምቻለሁ። ጥቂት አሰብኩና፣ በሬ ሳይጠምዱት አይገዛም፣ ትራክተርስ ለምን ሳይሞከር ይገዛል? አልኳቸው። ሽማግሌው በጣም ደስ አላቸው። እኔም አማችነቱ ግማሽ መንገድ የደረሰ መሰለኝ።

የሁለቱ ትራክተሮች ወኪሎች ተጠሩ፤ ገበያ ነውና ሁለቱም በገዛ ናፍጣቸው፣ በገዛ ሾፌራቸው መጡ። መሬቱ በገመድ እኩል ተከፈለ፣ ላይኛው ለቀዩ፣ ታችኛው ለሰማያዊው። እኔ በክት ጫማዬ ከቀዩ ኋላ እየሮጥኩ የትልሙን ጥልቀት በክፍል ማስመሪያ እለካለሁ። ድሬሰሩ ማዶ ቆሞ የናፍጣውን ጀሪካን እንደ ግሉኮስ እያየ ይመዘግባል። ሲመሽ ቀዩ በጥልቀት፣ ሰማያዊው በቁጠባ አሸነፉ። ለዳኝነት የተጠሩት የሰፈር ሽማግሌዎች አልተስማሙም።

ኦቦ ገመዳ አሰብ አደረጉና ላይኛው ደረቅ፣ ታችኛው እርጥብ ስለሆነ ፍርዱ አይቀናም አሉ። ስለዚህ በማግስቱ ትራክተሮቹ ቦታ ተለዋውጠው መሬቱ ሁለተኛ ታረሰ። ማስመሪያዬ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዋናው ነገር ዘር አለባበሱ ነው ተባለና በቆሎው ተበተነ፤ ቀዩም ሰማያዊውም እየተፎካከሩ አፈር አለበሱት። ጓሮ ድረስ አንድም ጥግ ሳይታረስ አልቀረም።

ያን ቀን ማታ ወኪሎቹ ቆቦቻቸውን አውልቀው ፍርዳቸውን ጠየቁ። ኦቦ ገመዳ የታረሰውን መሬት ረጅም ጊዜ ተመለከቱና "ጋሪ ዳ" አሉ። ጥሩ ነው። "ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እናስብበታለን።"

ሳቄ አመለጠኝ። ይኼ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ናፍጣ፣ የባላገር ደቦ እንኳ ቢያንስ ጠላና ንፍሮ ይቀርብለት የለም? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ፣ ሽማግሌው በሁለቱም ባላ ተንጠልጥለው መሬታቸውን በነጻ አሳረሱ። ዕንባዬ እስኪወርድ ስስቅ ድሬሰሩን አየሁት። አይስቅም። ትክ ብሎ እኔን ያየኛል። ቀስ ብዬ ሳቄን አቆምኩ። "ጥሩ ነው፣ እናስብበታለን።" ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ቃል ነበር፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

የትራክተሮቹ ወኪሎች ዳግም አልተመለሱም፤ ብረት የሚሸጥ ሰው ብልህ ነው። እኔ ግን በሳምንቱ አዲሱን ማመልከቻ ይዤ ኦቦ ገመዳ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ድሬሰሩ የመርፌ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀድሞኝ ደርሷል። ሳንነጋገር አብረን ገባን።

ከኦቦ ገመዳ አጠገብ አንድ የማናውቀው ወጣት ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ ጫልቱ ራሷ ወጥ ትጨምርለታለች። ሽማግሌው በፈገግታ አስተዋወቁን። አዲሱ የመሬት ቀያሽ ነው አሉ፤ ትናንት ሽማግሌ ልኮ፣ ዛሬ ወሰናቸውን ሊለካላቸው መጥቷል።