«ውጣ» የተባለው የልጄ ካካ

መጀመሪያ ሰዎቹን እወቋቸው፤ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ።

ናታን፦ ልጄ፤ አምስት ወሩ ነው። ሰላም፦ ሚስቴ። ወንድም ግርማ፦ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ፤ ያለ ሱፍና ክራባት ታይቶ አያውቅም። እህት አስቴር፦ አምስት ልጅ አሳድጋለች። እኔ፦ ኮሌጅ ያልገባሁ፣ ግን አንብቤ ራሴን ያስተማርኩ፣ ሰው መምከር የምወድ አባት።

ናታን ከማክሰኞ ጀምሮ ሆዱ ደረቀ። ያምጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያለቅሳል፤ ዳይፐሩ ግን ባዶ። ትናንት ጡጦውንም መግፋት ጀመረ።

ሰላም «ጤና ጣቢያ እንውሰደው» አለችኝ። «መጀመሪያ ላንብብ» አልኳት።

አነበብኩ። አልገባኝም። ስለዚህ ጸሎት ልጠይቅ ብዬ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ገባሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ቤቴ ውስጥ ብልግና አልወድም። ሽማግሌዎች ያሉበት ግሩፕ ላይ «ካካ» ብዬ ልጽፍ? አላደርገውም። በጨዋ አማርኛ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ወገኖች፣ በልጃችን ሆድ ውስጥ ያለው ነገር እምቢ ብሎናል። ያስጮኸዋል፣ ያንፈራግጠዋል። እንዲወጣ በጸሎት አስቡን።»

ኧረ እንዴት አልታየኝም?

መልሱ ጎረፈ። «በስሙ ይወጣል!» አለ አንዱ። «ግቢውን ፈትሹ፣ የተቀበረ ነገር አይጠፋም» አለች ሌላዋ። ነገሩ ትንሽ ቢገርመኝም «አሜን» ብዬ መለስኩ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንድም ግርማና እህት አስቴር ከዊንጌት ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ቤታችን ደረሱ። ወንድም ግርማ ላቡን ጠርጎ ናታንን ትክ ብሎ አየው።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ማክሰኞ።»

«ስሙን ተናግሯል?»

«ማን?»

«ውስጡ ያለው።»

«ወንድም ግርማ፣ ገና አምስት ወሩ እኮ ነው» አልኩት።

ሰላም ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?» ስልኬን ተቀብላ አነበበች። ከዚያ በጣም በእርጋታ «ወንድም ግርማ፣ ካካ ነው። ልጁን ካካ እምቢ ብሎት ነው» አለችው።

ወንድም ግርማ ቀስ ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

እህት አስቴር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ «ምን ትሰጡታላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሰላም ሥራ ከገባች ወዲህ ቀን ቀን የጣሳ ወተት የምበጠብጥለት እኔ ነኝ። በኩራት አስረዳኋት፦ ጣሳው ላይ ከተጻፈው በላይ ዱቄት እጨምራለሁ።

«ለምን?»

«ልጁ ጠንካራ እንዲሆን።»

«ይኸው ጠነከረልህ» አለች።

 ጣሳውን አንስቼ ጓዳ አስገባሁት።

ናታንን ለብ ባለ ውሃ አጠበችውና ዳይፐሩን ሳታስር ወንድም ግርማ ጭን ላይ በጀርባው አስተኛችው። እግሮቹን ይዛ ሳይክል እንደሚነዳ ሰው ወደ ሆዱ እያጠፈች ትዘረጋለች፤ በየመሃሉ ሆዱን በመዳፏ በዝግታ ታሻለች። ልጁ አማጠ። ወንድም ግርማም አብሮ አማጠ። ከብዙ ዓመት ልማድ የተነሳ ይመስለኛል፣ በለሆሳስ «ውጣ» አለ።

ወጣ።

ሁሉም ወጣ። ሱሪው ላይ፣ ክራባቱ ላይ።

«አሜን» አለች ሰላም።

ናታን ወንድም ግርማን እያየ ፈገግ አለ።

ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነው። ነርሷ መርምራ ደህና ነው አለችን። ወተቱን ልክ ጣሳው እንደሚለው በጥብጡ፤ ቅቤም አብሽም ሌላም ነገር እንዳትሰጡት፤ ከደገመው ቶሎ አምጡት አለች። ያን ሁሉ ከማንበብ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማክበር ይበቃኝ ኖሯል።

እንግዲህ ድምሩ ይኸውላችሁ። ወንድም ግርማን አንድ ክራባት አስከፈለው፤ ልግዛልህ ብለው «ተወው» አለኝ። እህት አስቴር የቅዳሜ እረፍቷን ከፈለች። ሰላም ያለ እንቅልፍ አደረች። እኔን ክብሬን፤ ግሩፑ እስካሁን እየሳቀ ነው። ከሁሉም በላይ የከፈለው ግን ናታን ነው፦ አባቱ «ላንብብ» ሲል፣ ካካ ማለትም ሲያፍር፣ ያን ሁሉ ቀን አማጠ።

ይህን ነው እንግዲህ ጨዋነት ስል የኖርኩት?