የቅጠል ስም ጠያቂው መምህር

የቅጠል ስም የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለመድኃኒት አይደለም፣ ለከብትም አይደለም፤ እንዲያው ስሙን ለማወቅ! ደርግ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ካሉ ጡረተኛ መምህር ጋር ጓሳ የተባለውን የማኅበረሰቡን ጥብቅ የሣር ምድር ሳቋርጥ፣ ሣር ማጨድ በተከለከለበት ወር አንዲት አበባ ቀጥፈው ቅጠል በሚያደርቁበት ደብተራቸው ውስጥ አኖሯት። የሣሩ ጠባቂ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ ጓሳ ዝግ ነው። ደብተሩ ሣሩን ለሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች ይቀርባል።»

«የስንት ዓመት ልፋቴን!» መምህሩ እንባቸው መጣ። ለአንዲት አበባ እንዲህ ከሆነ፣ በሬ ቢሰርቁማ ምን ሊባሉ ነው?

ጠባቂው ደብተሩን ሲገልጥ አንድ ደረቅ ቅጠል ላይ እጁ ቆመ። «ይሄን እናቴ ከመርሐቤቴ ቆላ እያስመጣች ቁስሌ ላይ ታደርግልኝ ነበር። ስሙን ሳልጠይቃት ሞተችብኝ።»

«ክትክታ ነው፣ ልጄ።»

«ክትክታ» አለ ቀስ ብሎ። ደብተሩን መለሰላቸውና ክንዳቸውን ያዘ። «ከዚያ ድንጋይ ሥር ሌላ አበባ አለች፤ ይምጡ ላሳይዎ። ብቻ እንዳይቀጥፏት!»