ፎጣ የሚያጥፉ ፈላስፎች

ሶቅራጥስን በቁሙ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችሁ ይቀመጣል፤ ሌላው ክሊኒክ ወረፋ ላይ ያገኛችኋል፤ አሪስቶትል ስለ ጥርስ ሕመም ያለውን ሳይነግራችሁም አይለቃችሁም። ለእኛ ሰፈር የደረሱት ፀጉር አስተካካዩ ናቸው፤ ክቡር ፈላስፋ፣ የምላጭና የጥበብ ባለቤት።

ክቡርነታቸውን ከሌሎቹ የሚለያቸው ደንበኛቸው መልስ መስጠት አለመቻሉ ነው። ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ ከፕላቶ ጋር የሚከራከር ማን አለ?

“ቡድሃ እንዳለው” ይላሉ፣ አገጫችንን ቀና አድርገው፣ “የተናደደ ሰው መጀመሪያ ፎጣ ይጠፍ። ከዚያ ይሳደብ።”

አንድ ቀን በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኙ። ለቡጢ ትንሽ ሲቀራቸው ክቡርነታቸው ማበጠሪያቸውን እንደ ዳኛ መዶሻ አንስተው፣ “ኮንፊሺየስ እንዳለው፣ ዝናብ ሲመጣ የጎረቤትህንም ልብስ አብረህ አስገባ” አሉ። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ በኋላ በጣለው ዝናብ፣ አንዱ የሌላውን አንሶላ ታቅፎ ሲሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ የማይዋጥላቸው ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ብቻ ነበሩ።

“ሶቅራጥስ ስለ ሳሙና አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም! የት ተጽፎ ነው?” ይላሉ፣ ግማሽ ፊታቸው በአረፋ ተሸፍኖ።

“ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ፤ እቆርጥዎታለሁ።”

ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ፣ የክቡርነታቸው ባለቤት ፎጣ ከሚያጥቡበት ጓዳ፣ አጭር ሳል ይሰማል። ሁሌም ከጥቅሱ ቀጥሎ ነው። እኛ ሳሙናው የሚያስላቸው ይመስለን ነበር። እኔም አንዳንዴ ይደንቀኝ ነበር፤ የጥንቱ ዓለም ጠቢባን በሙሉ ልብስ አጣቢዎች ነበሩ እንዴ?

ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው አረፉ። ክቡርነታቸው ሱቁን መልሰው ሲከፍቱ ሶቅራጥስ አብሯቸው አልተመለሰም። ቡድሃም የለ፣ ኮንፊሺየስም የለ። መቀሱ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ፎጣው ሳይታጠፍ ወንበር ላይ ተቆልሏል። ስንት ጊዜ ያሽሟጠጥኩባት ያቺ “እንዳለው” ናፈቀችኝ። በመስታወቱ ውስጥ አፋቸውን አፋቸውን እያየሁ ብጠብቅ ምንም አይወጣም። ይባስ ብሎ ቁልፉን ለአከራዩ ሊመልሱ ነው የሚል ወሬ ሰማን።

በመጨረሻ መምህሩ አላስቻላቸውም። “ምነው፣ ዛሬ ሶቅራጥስ ምን አለ?”

“ቀበርነው እኮ፣ ጋሼ።”



“ሁሉም የእሷ ነው” አሉ ክቡርነታቸው። “መጀመሪያ ‘ባለቤቴ እንዳለችው’ ስል ‘ሚስቱ የምትነዳው’ እያላችሁ ትስቁብኝ ነበር። ቤት ገብቼ ብነግራት፣ ‘ታዲያ መምህሩ ለሚያወሩለት ለሶቅራጥስ ስጠው፤ እሱን ይሰሙታል’ አለችኝ። ከዚያ ጓዳ ሆና ታዳምጣችሁ ነበር። የምትስለው ሳቋን ለመደበቅ ነው። አሁን የሚነግረኝ የለም፤ ምን ልበላችሁ? ቁልፉን ብመልስ ይሻላል።”

መምህሩ ከወንበሩ ተነሱ። ከክምሩ ላይ አንድ እርጥብ ፎጣ አንስተው ማጠፍ ጀመሩ፤ አስተጣጠፋቸው ለዓይን ያስጠላል።

“ሶቅራጥስ እንዳለው” አሉ፣ “ፎጣ... እርጥብ ፎጣ... ከታጠፈ በኋላም ይደርቃል።” ዕድሜ ልካቸውን ምንጭ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጥቅስ ሲፈጥሩ የመጀመሪያቸው ነው።

ክቡርነታቸው ምላጩን አስቀመጡ። “አይደለም፣ ጋሼ። ‘ሳይደርቅ አትጠፈው፤ አኩርፎ ይሸታል’ ነው ያለችው።”

ፎጣውን ከመምህሩ እጅ ተቀብለው ገመዱ ላይ አሰጡት። የቁልፉ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። በዚያች ቅጽበት ግን ሁላችንም፣ ክቡርነታቸውም ጭምር፣ እንደ ልማዳችን ወደ መጋረጃው ዞር ብለን ሳሉን ጠበቅን።