ባሕረኛው ሊቀመንበር

«ባሕር ኃይል ነበርኩ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ በደርግ ጊዜ የሸዋ ሮቢት ቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ በተኛበት ክረምት ከበርሜል በሠራት ታንኳ አሳፈረኝ። ነፋሱ ሸራዋን ሲወጥረው ያ ሁሉ የቆላ ሙቀት ጠፋልኝ፤ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ድንገት ተገለበጥን። ሊቀመንበሩ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «ኧረ የሰው ያለህ! ዋና አልችልም!» አለ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ከዳር ሆነው «ያ አላህ! ቁሙ እንጂ፣ ውሃው እኮ ከጉልበት አያልፍም!» ሲሉን ቆምን።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይህን ጓድ ከሞት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተነሥና መስክር!» ተነሣሁ። ጠመንጃ የያዙት የአብዮት ጥበቃዎች አፍ አፌን ያዩኛል። ምን ልበል?

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም አብልጠው የሚያጨበጭቡት እትዬ ዘይነባ ነበሩ።