ሁድ እያለ ማን ፀሐይ ይፈራል

[የሠርጉ ማግስት፣ ረፋድ ላይ። ሊቁ ላፕቶፑን አቅፎ መኝታ ቤት ዘው አለና በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋ። ዋርካም ተከትሎት ገብቷል። ሳሎን ውስጥ ዘመድ አዝማዱ ወንበር ደርድሮ ፎቶ ሊያይ ተሰብስቧል። ሊቁ የሙሽሪት ታላቅ እህት ባል ነው። ፎቶ አንሺ ይቀጠር ሲባል “እኔ ሞቻለሁ?” ብሎ ያስቀረው እሱ ነው፤ እዚህ ቤት ካገባ ጀምሮ “አላውቅም” ሲል የሰማው የለም። ዋርካ የሙሽሪት ወንድም ነው። ዋርካ ያሰኘው ቁመቱ ነው፤ ትናንት የሊቁን ቦርሳ ተሸክሞ ሲዞር ውሏል። ከትናንት ጀምሮ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አላገኘም።]

ሊቁ፦ ተንፍሰህበታል።

ዋርካ፦ ምኑ ላይ?

ሊቁ፦ ሌንሱ ላይ። አለዚያ እንዲህ ጭጋግ የሚለብስበት ምክንያት የለም።

ዋርካ፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጀርባህ ነበርኩ።

ሊቁ፦ ያንተ ትንፋሽ ዞሮ ይመጣል። ቁመትህን አታየውም?

ዋርካ፦ ፀሐይዋ አትሆንም? በጎን በኩል ዓይን ዓይናችንን ስትለን ነበር።

ሊቁ፦ [ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው በትዕግሥት] ቁጭ በል እስኪ። ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠለቀው፣ ጫፉ እንደ አበባ የተቆራረጠው ጥቁር ፕላስቲክ ምን ይባላል?

ዋርካ፦ ኮፍያው?

ሊቁ፦ ሁድ። ፀሐይ ዓይንህ ውስጥ ስትገባ እጅህን ግንባርህ ላይ አታደርግም?

ዋርካ፦ አደርጋለሁ።

ሊቁ፦ ሁድ ማለት ለሌንሱ እንደዚያ እጅ ነው። ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ይመልስለታል። እሱ ከሌለ ብርሃኑ መስታወቱ ውስጥ ሲንከራተት ይቆይና ፎቶው ወተት የተደፋበት ይመስላል።

ዋርካ፦ [ወደ ላፕቶፑ አጎንብሶ] እንደዚህ?

ሊቁ፦ አዎ፣ እንደ... አይ። ይኼ ትንፋሽ ነው።

ዋርካ፦ ጋሼ፣ ስለ ኮፍያው አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ...

ሊቁ፦ አታቋርጠኝ። እኔ ደመና ቢሆንም አደርገዋለሁ። ቤት ውስጥም አደርገዋለሁ፤ አምፖልም ከጎን ይመታል። ደግሞ ግፊያ መሀል ካሜራው ከሰው ክርን ጋር ቢጋጭ፣ የሚመታው ሁዱ እንጂ መስታወቱ አይደለም።

ዋርካ፦ የማታደርገው መቼ ነው?

ሊቁ፦ ካሜራው አናት ላይ ያለችውን ፍላሽ ስከፍት። ያኔ ሁዱ ራሱ ጥላ ይጥልና ፎቶው ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ነገር ይቀመጣል። ተማር።

ዋርካ፦ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ፍላሿን ከፍተህ ነበር።

ሊቁ፦ ከፍቻለሁ።

ዋርካ፦ ጨረቃው የለም።

ሊቁ፦ አውልቄው ነበራ።

ዋርካ፦ መቼ?

ሊቁ፦ ባለሙያ መቼ እንዳወለቀ አያውቅም። እጁ ነው የሚያወልቅለት።

[በሩ ተንኳኳ።]

ሙሽሪት፦ [ከውጭ] ጋሼ፣ ከእማማ ጋር የተነሳነውን ብቻ አሳየኝ። ሌላው ይቆይ።

ሊቁ፦ እየተጫነ ነው የኔ ቆንጆ።

[ላቡን ጠረገ። እማማ የሙሽሪት አያት ናቸው። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሴትዮ፣ ትናንት ለልጅ ልጃቸው ብለው እሺ አሉና ቤተሰቡ ግራና ቀኝ ከቧቸው ተነሱ። ዛሬ ሳይነጋ ወደ አገራቸው ተሳፍረዋል። ወተት የተደፋባት ፎቶ ያቺ ናት። እማማ ያሉበት ቦታ የእንፋሎት ክምር ይመስላል።]

ዋርካ፦ ከሷ በፊት ያሉት ግን ጥርት ያሉ ናቸው። የሙሽራውን ወገኖች እያቸው፤ የኮታቸው ቁልፍ ሳይቀር ይታያል።

ሊቁ፦ የሁድ ሥራ ነዋ።

ዋርካ፦ እዚህ ጋ እኔ ጃንጥላ ይዤ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ራሰ በራዬን ፀሐይ ስላቃጠለኝ።

ሊቁ፦ እና?

ዋርካ፦ እማማ ሲመጡ “እንደ ቁም ሣጥን አትገተርብኝ፣ ዞር በል” አልከኝ። ዞር አልኩ። ዞር ካልኩ ወዲህ ያለው ሁሉ ወተት ነው።

ሊቁ፦ አጋጣሚ ነው። ሁድ ያለው ካሜራ ያንተን ጥላ አይለምንም።

ዋርካ፦ ከሌለውስ?

ሊቁ፦ ከሌለውማ ፎቶ አንሺው ዓይን የለውም ማለት ነው። ሁድ የሌለው ካሜራ ይዞ ሲዞር ውሎ ያልታወቀው ሰው፣ ሱሪውን ረስቶ ከወጣ ሰው በምን ይለያል?

ዋርካ፦ [ቀስ ብሎ] እንግዲያው ይቺን አጉላት።

ሊቁ፦ የቷን?

ዋርካ፦ ቀለበት ያዥዋ ሕፃን የታቀፈቻትን አሻንጉሊት።

[ሊቁ አጎላ። አሻንጉሊቷ ጫፉ የተቆራረጠ ጥቁር ዘውድ ደፍታለች።]

ሊቁ፦ ዘውዷ ያምራል።

ዋርካ፦ ያምራል።

ሊቁ፦ [እንደገና አጎላ] የሌንሴ ቁጥር ተጽፎበታል።

ዋርካ፦ ትናንት ጠዋት ሕፃኗ “ሙሽራዋ ዘውድ አድርጋ አሻንጉሊቴ ለምን ባዶዋን ትሄዳለች” ብላ መኪና አልገባም አለች። ኮፍያውን ከቦርሳህ አውጥቼ ደፋሁላት፤ ጸጥ አለች። ልነግርህ ስል “አታቋርጠኝ” አልከኝ። መኪናው ውስጥም አልከኝ። አዳራሹ በር ላይም አልከኝ።

ሊቁ፦ ስንቱ ፎቶ ላይ አለች?

ዋርካ፦ ሁሉም ላይ። አንተው ነህ እኮ “አሻንጉሊቷን ቀና አድርጊያት፣ ዘውዷ ይታይ” ያልካት።

[ሊቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።]

ሊቁ፦ እማማን ደውለን ብንመልሳቸውስ?

ዋርካ፦ ሲሳፈሩ “እንግዲህ አንዴ ተነስቻለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ” ብለዋል።

[በሩ እንደገና ተንኳኳ።]

ሙሽሪት፦ ጋሼ፣ እማማን አገኘሃቸው? ልግባ?

[የበሩ እጀታ መዞር ጀመረ። ዋርካ ተነሳና፣ ትናንት ጃንጥላውን ይዞ እንደቆመው፣ በሩና ሊቁ መሀል ተገተረ።]

ዋርካ፦ [ሳይዞር፣ በሹክሹክታ] ምን ልበላት?

ሊቁ፦ [ከዋርካ ጀርባ] አላውቅም።